የጎረቤት ቡናውን ልተወው? የሐዋሳ ሰዎች የመለሱልኝ

መነሻ ጽሑፍ

ሰላም ለሁላችሁ። የምኖረው ሐዋሳ ነው፤ ታቦር ተራራ ሥር ተከራይተን። እኔ የመንግሥት ሠራተኛ ነኝ፤ ባለቤቴ መምህር ነው። ሁለት ልጆች አሉን። አማቴም ከእኛ ጋር ናቸው።

ከመስከረም 1 እስከ ኅዳር 30 ቀን 2018 ድረስ ከቤታችን የወጣችውን እያንዳንዷን ብር ጻፍን። አንድ ደብተር ገዛሁና በአራት ዓምድ ከፈልኩት። ምግብ፣ ቤት፣ መንገድና ስልክ፣ ለሰው። ማታ ልጆቹ ሲተኙ እኔና ባለቤቴ ኪሳችንን ፈትሸን እንጽፋለን። ክብሪት እንኳ አላለፈችንም።

መስከረም ላይ ደመወዝ ተጨምሯል፤ እውነት ነው። ኪራዩም ግን ተከትሎት መጣ። ሐምሌ 22 ቀን 2016 የውጭ ምንዛሪው በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ ዘይቱም፣ ሳሙናውም፣ መድኃኒቱም የት እንደደረሰ ለእናንተ መንገር አያስፈልግም።

ሦስቱን ወር ደምረን ስናየው ከ100 ብር 48ቱ ለምግብ ወጥቷል። 24ቱ ለኪራይ፣ 11ዱ ለባጃጅና ለስልክ፣ 3ቱ ለመድኃኒትና ለልጆቹ ደብተር። የቀረው 14 ብር «ለሰው» የሚለው ዓምድ ውስጥ ነው። የጎረቤት ቡና ተራ፣ አራስ ጥየቃ፣ ምርቃት፣ የሠርግ መዋጮ፣ ለቅሶ፣ ሁለት ዕድር፣ የጽዋ ተራ፣ ሁሉም እዚያ ገብቷል።

ምግቡን ከዚህ በላይ መቀነስ አልችልም፤ ልጆች አሉ። ኪራዩ በእኔ እጅ አይደለም። በትንሽ መኖርን መማር አለብን፤ ስለዚህ መቀነስ ያለበት ይሄ 14 ብር ነው ብዬ አምኛለሁ። መጀመሪያ ቡናውን፣ ቀጥሎ ሁለተኛውን ዕድር ልተው ነው። እንዲህ ያደረገ ሰው ካለ ይንገረኝ። ተሳስቼም ከሆነ አርሙኝ።

ምላሾቹ

ይህን የኢንተርኔት መድረካችን ላይ ለጥፌው የመጨረሻውን የእኔን ጨምሮ 31 ምላሽ ተጻፈበት። እንደ አመጣጣቸው ላውራችሁ። ጥቂቶቹን በአንድ ላይ አልፋቸዋለሁ፤ አንዳንዶቹ ጋ ግን እቆያለሁ።

1ኛዋ የአቶቴ ሠፈር እናት ናቸው። ደብተሩን ወደዱት። እርሳቸው 19 ዓመት በመንግሥት ደመወዝ ቤት አስተዳድረዋል። ትልቁ ትምህርታቸው ዓመቱ 13 ወር ሆኖ ደመወዙ ግን 12 ጊዜ ብቻ መሆኑ ነው። ጳጉሜን ደመወዝ የለም። ወዲያው ዘመን መለወጫ፣ ከዚያ የልጆች ምዝገባ፣ ከዚያ መስቀል ይመጣል። ስለዚህ ከጥቅምት ጀምረው በየወሩ ትንሽ ትንሽ ለጳጉሜን ያስቀምጣሉ። በርበሬም በክረምት አይገዙም። ጥር ላይ ከሁለት ጎረቤት ጋር ሆነው ሃላባ ድረስ ሰው ይልካሉ፤ አዲሱ ምርት ገበያ ሲሞላ። መቀንጠሱንም ማስፈጨቱንም በጋራ ነው። ስለ ቡናው ግን ምንም አላሉም። ያኔ ዝም ያሉበት ምክንያት አልገባኝም ነበር።

2ኛው ወጪ መቀነስ ትርጉም እንደሌለው፣ ገቢ መጨመር እንደሚያዋጣ ጽፎ ሄደ። እንዴት የሚለውን አልነገረንም።

3ኛዋ ፋብሪካ የምትሠራ ልጅ ናት። አንድ ክፍል ውስጥ አራት ሆነው ይኖራሉ። ኪራዩን ለአራት ይካፈላሉ፤ ባለ 5 ሊትር ዘይት በጋራ ይገዛሉ፤ ወጡን በተራ ይሠራሉ። ለደከመችው ፈረቃ ምግብ ከድነው ያስቀምጣሉ። በትንሽ መኖርን «መማር» የሚለው አነጋገር አላስደሰታትም። እርሷ አልተማረችውም፤ ተወልዳ ያደገችበት ነው። ከደመወዟ ለእናቷ ትልካለች። ያ ገንዘብ በእኔ ደብተር ቢሆን «ለሰው» ይባል ነበር፤ በእርሷ ግን ከኪራይ በፊት ይወጣል። ይህን ሳነብ ጽሑፌን ተመልሼ አየሁት። የመረጥኩት ቃል አሳፈረኝ፤ ይቅርታም ጠየቅኋት።

4ኛው የኤሌክትሪክ ጥገና ባለሙያ ነው። ቡናን ትታችሁ ምጣዱን እዩ ነው ነገሩ። የቤት ምጣድ ከ3 እስከ 4 ኪሎ ዋት ይስባል። በ3.5 ኪሎ ዋት ብናስበው ለአንድ ሰዓት የተሰካ ምጣድ የሚበላው ባለ 10 ዋት አምፖል 350 ሰዓት ቢበራ የሚፈጀውን ያህል ነው። ታሪፉ ደግሞ ከመስከረም 2017 ጀምሮ በየሦስት ወሩ ደረጃ በደረጃ እየጨመረ ነው። ብዙ የተጠቀመ ሰው የአንዷ ኪሎ ዋት ሰዓት ዋጋም ይጨምርበታል። ምክሩ ሦስት ነው። በሳምንት ሁለቴ ሳይሆን አንዴ ጋግሩ። የመጨረሻዎቹን ሁለት እንጀራ ሶኬቱን ነቅላችሁ በቀረው ሙቀት አውጡ። ከተቻለም ከጎረቤት ጋር ተከታትላችሁ ጋግሩ፤ ምጣዱን ከብርዱ ማሞቂያው ነው በከንቱ የሚሄደው።

5ኛው አረመው። የዋቱ ቁጥር ልክ ቢሆንም ሰዓቱ ተረስቷል። ማታ ሁሉም ሰው ሲጋግር ኃይሉ ይደክማል። ምጣዱ ቶሎ አይግልም፤ በዚያ መካከል ሙቀቱ እየባከነ ጋገራው ይረዝማል። ስለዚህ ማለዳ ይሻላል። የተሰነጠቀ ሸክላና ገጥሞ የማይከደን አክንባሎም እንዲሁ ነው። 4ኛው ተመልሶ መጥቶ ተቀበለው። መድረክ ላይ እንዲህ ያለ መተራረም ሳይ ደስ ይለኛል።

ይህን ሞክሬዋለሁ። ከግድግዳ ተጋሪ ጎረቤቴ ጋር ሊጣችን እኩል እንዲደርስ ረቡዕ ማታ አብረን አቦካን። ቅዳሜ 12 ሰዓት ተኩል ላይ ምጣዱ ተሰካ። እርሷ በጎመን ዘር አሰሰች፤ እኔ ሊጡን አዞርኩ። የእርሷ 20፣ የእኔ 24 ወጣ። ነቅለን የጋገርናቸው ሁለቱ ፊታቸው ትንሽ ፈዘዝ አለ፤ ዓይናቸው ግን አለ። ልጆቹ ልዩነቱን አላወቁም።

6ኛዋ ጤፍን ከሩዝ ቀላቅላ እንደምትጋግር ጻፈች። 7ኛዋ ሩዙ ሲበዛ እንጀራው በማግስቱ እንደሚደርቅና እንደሚሰነጠቅ አስጠነቀቀች፤ ለዚያው ቀን የሚበላ ከሆነ ብቻ ነው የሚያዋጣው። 8ኛው የሲዳማ ልጅ ነው። የቆጮ አገር ተቀምጦ በጤፍ መጨነቅ ይገርመዋል። በሳምንት ሁለት ቀን እንጀራውን በዋሳ (በቆጮ) እና በጎመን መተካት ምን ይከብዳል ነው ጥያቄው። ምንም አይከብድም። አማቴ ግን እሺ አላሉም።

9ኛው ስለ ዓሣ አነሳ። ሐይቁ ዳር ወዳለው የዓሣ ገበያ፣ አሞራ ገደል ሄዶ ሙሉውን ቆሮሶ የሚገዛ ሰው፣ ተፈልፍሎ ከተዘጋጀው በጣም ባነሰ ዋጋ ያገኛል። ጭንቅላቱና አጥንቱ ለሾርባ ይሆናል። ከሥጋ ጋር ሲተያይ ልዩነቱ ሰፊ ነው። ጥሩ ምክር ነበር። ወሩ ግን ታኅሣሥ ነው፤ ጾመ ነቢያት ገብቷል። 10ኛዋ በጾም ዓሣ እንዲበላ መምከሩ ተገቢ እንዳልሆነ ጻፈች። 11ኛው እርሱ ባደገበት ቤት ይበላ እንደነበረ መለሰ። 12ኛው ቁጣ ጨመረበት። 13ኛው ሙስሊም መሆኑን ገልጾ፣ ምክሩ ለሁሉም ነዋሪ እንደሆነ በትሕትና አስታወሰ። 14ኛዋ ጭራሽ 12ኛውን ለብቻው ስለ ሥነ ምግባር ገሠጸችው። ስለ ቤት ወጪ የተጀመረው ነገር ተረሳ። የመድረኩ አስተባባሪ በ15ኛነት ገብቶ የጾሙን ክርክር ወደ ሌላ የውይይት ገጽ አዛወረው። ያዛወረው በአግባቡ ነው፤ ሰው ሊቀያየም ነበር።

16ኛው ስለ ኪራይ ነው። የመኖሪያ ቤት ኪራይ ቁጥጥርና አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1320/2016 መውጣቱን፣ የኪራይ ውል ከሁለት ዓመት እንዳያንስ መደንገጉን ጠቅሶ አከራዬን በሕግ እንድጠይቅ መከረኝ። 17ኛው አዋጁ በክልሎች ተፈጻሚ የሚሆነው ክልሎቹ በሚወስኗቸው ከተሞች ስለሆነ፣ መጀመሪያ የእኛ ከተማ ምን ላይ እንዳለ ሄጄ እንዳጣራ አስተካከለ። 18ኛዋ አከራይ ናት፤ ጡረተኛ። ሁለት ክፍል አከራይታ በዚያ እንደምትኖር፣ የጤፉ ዋጋ ለእርሷም ያው እንደሆነ ጻፈች። መልስ የሰጣት የለም። ልክ ነበረች ብዬ አስባለሁ።

19ኛው ላይ ነው ድምፁ የተለወጠው። ጸሐፊው በዕድሜ የገፉ አባት ይመስሉኛል። ቃላቸው ከባድ ነበር። ደብተሬን ሳይሆን እኔን ወቀሱኝ። ሰውን በብር የሚመዝን ቤት ውስጥ ቡና መጠጣት ድሮም እንደማያጠግብ ጻፉ። ጎረቤቶቼ ይህን ቢያነቡ ምን ይሰማቸዋል ሲሉም ጠየቁኝ። እውነቱን ለመናገር ያን ቀን ስልኬን ዘግቼ ተቀመጥኩ።

20ኛዋ ስለ እኔ ቆመች፤ በቁጣ። ለልጇ ክርስትና ሰው ምን ይለኛል ብላ ተበድራ ደግሳለች። ድንኳኑ፣ በጉ፣ ለስላሳው፣ ፎቶው። ዕዳውን ከፍላ ለመጨረስ ዓመት ከመንፈቅ ፈጀባት። በዚያ ዓመት ከመንፈቅ ውስጥ ልጇ ሲታመም መድኃኒት የገዛችው በዱቤ ነው። ከደገሰችላቸው 80 ሰዎች የት ወደቅሽ ያላት አንድም ሰው የለም። 19ኛውን አባት በቀጥታ ጠየቀቻቸው፤ ይሉኝታ ስንት ቤት እንዳፈረሰ ያውቁ እንደሆነ። ያነበብኩት እያነባሁ ነው።

21ኛዋ የጻፈችው ግን ይህን ሁሉ ቀይሮብኛል። ዝርዝሩን ሳላሳንስ ላቅርበው።

በ2014 ባለቤቷ ይታመማል። አራት ወር አልጋ ላይ ዋለ። የቀን ሠራተኛ ስለነበረ ገቢው በዚያው ቀን ቆመ። እርሷም አስታማሚ ሆነች። መጀመሪያ ያቆመችው ቡናውን ነው። ለጎረቤቶቿ አመመኝ እያለች ሦስት ቀን ቀረች። በአራተኛው ቀን ከሰዓት በኋላ በሯ ተንኳኳ። አምስት ሴቶች ናቸው። አንዷ ጀበናውን ይዛለች። አንዷ ከሰሉን በፌስታል። አንዷ በጋዜጣ የተጠቀለለ ጥሬ ቡና፤ ሁለት እፍኝ የማይሞላ። ስኳሩ ከሌላ ቤት፣ ቆሎው ከሌላ ቤት መጥቷል። እርሷን አስቀምጠው እነርሱ ቆሉ፣ እነርሱ ወቀጡ፣ እነርሱ አፈሉ። ከዚያ ቀን በኋላ ለአራት ወር ቡናው በእርሷ ቤት ሆነ፤ ታማሚው የሰው ድምፅ እንዲሰማ። ሲወጡ አንዳንዷ ከመሶቡ ሥር የሆነ ነገር ትታ ትሄዳለች። አንድ ቀን ብር፣ አንድ ቀን ግማሽ ኪሎ ምስር። አንድም ቀን ስለዚያ ነገር ተነጋግረው አያውቁም።

ባለቤቷ ተነሥቷል፤ እግዚአብሔር ይመስገን። እርሷ እኔን አልወቀሰችኝም። አንድ ነገር ብቻ ጠየቀችኝ። ደብተሬ ላይ «ለሰው» የሚል ዓምድ አለ፤ «ከሰው» የሚለው የት አለ?

አልነበረም። ሦስት ወር ሙሉ ስንጽፍ የወጣውን እንጂ የገባልንን ጽፈን አናውቅም።

ከዚህ በኋላ የመጡት ምላሾች ረጋ ያሉ ናቸው። 22ኛው ስለ ዕድር የሚያውቅ ሰው ነው፤ ለዓመታት ጸሐፊ ሆኖ አገልግሏል። ሁለት ዕድር ውስጥ መሆን ብርቅ አይደለም፤ ግን ሁለቱም ያስፈልጋሉ ማለት አይደለም። የወጣ ሰው ያዋጣው አይመለስለትም፤ ቢጸጸት የሚገባው እንደ አዲስ መግቢያ ከፍሎ ነው። ስለዚህ ደንቡን ሳላነብ እንዳልወጣ መከረኝ። መውጣት ካለብኝም ከራቀው እንጂ ከሠፈሩ እንዳይሆን። ለቅሶ ሲደርስ ድንኳኑን የሚተክለው፣ ወንበሩን የሚያመጣው፣ ሌሊት የሚያድረው የቅርቡ ሰው ነው።

23ኛዋ ቡናው ለምን እንደተወደደ ጠየቀች፤ የሲዳማ ቡና እዚሁ አጠገባችን እየበቀለ። 24ኛው መለሰላት። ቡናችን ዋጋው የሚቆረጠው በዓለም ገበያ ነው፤ በ2017 ደግሞ ያ ዋጋ ከዚያ በፊት ታይቶ ወደማይታወቅ ደረጃ ወጥቶ ነበር። ለውጭ የሚላከው በዶላር ስለሚሸጥ ብሩ ሲዳከም እዚህም ይወደዳል። 25ኛዋ ወደ ጉዳዩ መለሰችን። በእነርሱ ሠፈር ቡናው አልቀረም፤ ደንብ ወጣለት። በሳምንት ሦስት ቀን ብቻ፣ በተራ። ዳቦ የለም፣ ቆሎ ብቻ። ስኳር የፈለገ ከቤቱ ይዞ ይመጣል። ከሰሉም በላቀች ምድጃ ነው፤ ከተለመደው የቆርቆሮ ምድጃ ሩብ ያህል ከሰል ይቆጥባል።

26ኛው 19ኛው አባት ራሳቸው ናቸው፤ ተመልሰው መጡ። በእኔ ላይ ስለ ጻፉት አላነሱም። አሁንም ሐሳባቸው ያው ነው። ትልቁ ብክነት የስልክ ጥቅል እንደሆነ፣ ወጣቱ የዳታውን ብር ቢቆጥብ ቡናውም ዕድሩም እንደሚተርፍ ጻፉ። 27ኛውና 28ኛዋ ተቃወሟቸው። የ27ኛው ሥራ የሚገኘው በስልክ ነው፤ ደላላ የሚደውለው፣ ደንበኛ የሚልከው በዚያው ነው። 29ኛው ግን ከእርሳቸው ጋር ቆመ፤ ራሱ በቀን ስንት ሰዓት ቪዲዮ ሲያይ እንደሚያመሽ ቆጥሮ ደንግጧል። እኔም የራሳችንን አየሁ። ከ11ዱ ብር ግማሽ ያህሉ ስልክ ነበር። በዚህ አባታችን ልክ ናቸው። በቡናውም ልክ ነበሩ፤ የተናገሩበት መንገድ ግን አሁንም ያመኛል።

30ኛው ሐዋሳ ሜዳ ከተማ ሆና ሳለ ብስክሌት የማይነዳ ሰው እንዴት ስለ ባጃጅ ያማርራል ብሎ ጠየቀ። ባለቤቴ ይህን ምላሽ ጮክ ብሎ አነበበልኝ። ከሰኞ ጀምሮ የወንድሙን ብስክሌት ተውሷል።

31ኛው የእኔ ነው። እንዲህ አድርገናል።

አምስተኛ ዓምድ አሠመርኩ፤ «ከሰው»። በመጀመሪያው ሳምንት የጻፍኩትን ልንገራችሁ። የጎረቤቴ ትልቋ ልጅ የእኔን ሁለቱን በየጠዋቱ ይዛ ትምህርት ቤት ታደርሳለች፤ ያ በባጃጅ ቢሆን በቀን የሁለት ሰው ሒሳብ ነው። ከወዲያ ማዶ ያሉት እናት ለአማቴ ጎመን ልከዋል፤ ከጓሯቸው። ማክሰኞ ውኃ ጠፍቶ ሁለት ጀሪካን የቀዳሁት ከሰው ቤት ነው። ሐሙስ ሥራ ላይ አመሸሁ፤ ልጆቹ በልተው ጠበቁኝ። እነዚህን በብር ልጽፍ ሞከርኩ። የባጃጁንና የጀሪካኑን ቻልኩ። የሐሙሱን ግን ዓምዱ ውስጥ በቃል ነው የጻፍኩት።

ሁለተኛውን ዕድር ገና አልወሰንንም። ደንቡን አስመጥተን እያነበብን ነው። የምርቃትና የሠርግ መዋጮ ላይ ግን ጣሪያ አበጅተናል፤ ከዚያ በላይ ቢሆን ስጦታው ቀርቶ መሄዱ ይበቃል ብለን ተስማምተናል። 20ኛዋ እኅቴ ለዚህ ድፍረት ስለሰጠሽኝ አመሰግንሻለሁ።

ቡናውን በተመለከተ፣ ባለፈው እሑድ ሁለተኛው ስኒ ላይ ለጎረቤቶቼ አወጣሁት። እጄ ይንቀጠቀጥ ነበር። ማንም አልተቀየመም። ሦስቱም ለየብቻቸው ያንኑ ሲያስቡ ኖረዋል፤ አንዷ ጭራሽ ስኳር በዱቤ ስትገዛ ከርማለች። ማናችንም ለማናችን አልተናገርንም። አሁን በሳምንት ሦስት ቀን፣ በተራ ሆኗል። ሰኞ፣ ሐሙስ፣ እሑድ።

ነገ ሐሙስ ተራው የእኔ ነው። ሽምብራውን አሁን ልዘፍዝፈው።